ክንፏ 1600 ሚሊ ሜትር፣ ፕሪንተሬ ኤ4፦ የግላይደር ፕላን በትክክለኛ ልኩ ቤት ውስጥ እንዴት ይታተማል?

የፊዚክስ መምህር (ፍኖተ ሰላም)

ጤና ይስጥልኝ። ፍኖተ ሰላም ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከክፍል ውጪ አሥራ አንድ ልጆች ያሉባት ትንሽ የሳይንስ ክበብ አለችን፤ ሐሙስና ቅዳሜ ከሰዓት እንገናኛለን። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ከጣሊያን ስትመለስ ወሬውን ለልጆቹ ነገርኳቸው። በ1935 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ እንደሠራት፣ ስሟም የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ፀሐይ ስም እንደሆነ ሳወራ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጇን አውጥታ «እኛስ አንዲት ትንሽ መሥራት አንችልም?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሥራ የለንም ማለት ይቻላል።

የመረጥናት ሞተር የሌላት፣ አንድ ልጅ በረጅም ክር እየጎተተ ሲሮጥ የምትነሣ ግላይደር ናት። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1600 ሚሊ ሜትር ነው። ቀርከሃው ከእንጅባራ በኩል መጥቶልናል። ነጩን ፎም ልጆቹ ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ለቃቅመው አምጥተዋል። ፕላኑን ውጭ አገር ያለ ጓደኛዬ በፒዲኤፍ ላከልኝ። አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ያ አንድ ገጽ ግን ኤ0 ነው፤ 841 በ1189 ሚሊ ሜትር። እኔ ቤት ያለችው ደግሞ ጥቁር ብቻ የምታትም አሮጌ ሌዘር ፕሪንተር ናት። ከኤ4 የሚበልጥ ወረቀት አታስገባም።

ባለፈው እሑድ ሞከርኩት። ገጹን የሚከፋፍለውን ማዘዣ አዶቤ ሪደር ላይ አላገኘሁትምና ፕላኑን ራሴ በስክሪን ላይ እየቆራረጥኩ፣ ቁራጩን ሁሉ እንደ አንድ ገጽ አድርጌ አተምኩ። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደብኝ። 25 ወረቀት ወጣ። ወንበሮቹን ወደ በረንዳ አውጥቼ የሳሎኑ ወለል ላይ ዘርግቼ በስኮች አያያዝኩት። ከሩቅ ሲያዩት ያምር ነበር። ሜትር ዘርግቼ ስለካው ግን ፕላኑ ላይ 800 ተብሎ የተጻፈው የግማሽ ክንፍ ርዝመት 776 ሆኖ ተገኘ። 160 መሆን የነበረበት የክንፉ ጎድን (ለክንፉ ቅርጹን የሚሰጠው ቁራጭ) 155 ነው። በዚያ ላይ መስመሮቹ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ይቆረጣሉ፤ ከሚቀጥለው ወረቀት ጋር ሊገጥሙ አልቻሉም። ልጆቹ ቅዳሜ መጥተው ሲያዩት ምንም አላሉም። ዝም ማለታቸው ነው የከበደኝ።

ክበቧ በጀት የላትም። ቶነሩን የማስሞላው ከኪሴ ነው፤ ስለዚህ ሌላ 25 ወረቀት በከንቱ ማተም አልፈልግም። ልጠይቃችሁ የፈለግኩት፦ ልኩ ለምን አነሰ? በትክክለኛ ልኩ ለማተም ስንት ወረቀት ይበቃኛል? ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ በትልቅ ማሽን ባሳትም ይሻላል ወይስ እዚሁ ይቻላል? ሌላም አለ፦ ፕላኑ ላይ ያለው የግራ ክንፍ ብቻ ነው። ቀኙን ከየት አመጣለሁ?

ሲቪል ድራፍት (ባሕር ዳር)

መምህር፣ እኔ የሕንፃ ዲዛይን ነው የምስለው፤ ኤ0 የዕለት እንጀራዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ልኩ። 776ን ለ800 ሲያካፍሉት 97 ከመቶ ይመጣል። ይህ የፕሪንተርዎ ብልሽት አይደለም። የማተሚያው መስኮት ላይ «ፊት» (Fit) የሚለው ተመርጦ ቆይቷል ማለት ነው። እሱ ሲመረጥ ፕሪንተሩ ጠርዝ ላይ ማተም ስለማይችል ሥዕሉን አሳንሶ በሚችለው ውስጥ ያስገባዋል። «አክችዋል ሳይዝ» ወይም 100 ከመቶ የሚለውን ይምረጡ። የመከፋፈያው ማዘዣ «ፖስተር» ይባላል፤ እዚያው መስኮት ላይ ነው ያለው። በስልክ ከከፈቱት ግን አያገኙትም፤ ኮምፒውተር ይፈልጋል።

ባሕር ዳር ከመጡ ፕሎተር (በጥቅል ወረቀት ላይ የሚያትም ትልቅ ማሽን) ያላቸው ማተሚያ ቤቶች አሉ። ሲገቡ መጀመሪያ የጥቅሉን ስፋት ይጠይቁ። 36 ኢንች ከሆነ 914 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የእርስዎ 841 በደንብ ይገባል። 24 ኢንች ከሆነ 610 ብቻ ነው፤ ያኔ ፕላኑን ለሁለት ኤ1 ከፍለው ማሳተም አለብዎት። ጥቁር መስመር ብቻ መሆኑን ይንገሯቸው፤ ቀለም የተሞላበት ሥዕል ዋጋው ሌላ ነው። ከመክፈልዎ በፊት ማስመሪያ አውጥተው እዚያው ቆመው ይለኩ። አታሚው ወረቀቱን ሞልቶ እንዲያምር ብሎ ልኩን ሲቀይር ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

የባነር ማተሚያ ርካሽ ነው የሚልዎት ካለ አይስሙ። ባነሩ ፕላስቲክ ነው፤ ሲጎትቱት ይለጠጣል፣ ፀሐይ ላይ ይጨማደዳል፣ የእንጨት ኮላም በወጉ አይዝበትም።

ፋይሉን በቴሌግራም ሲልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ። እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፤ ቀጭን መስመሮች ይደበዝዛሉ፣ ልኩም አብሮ ይጠፋል።

አናጢ ነኝ (ዳንግላ)

መምህር፣ ሰላም ለእርስዎና ለልጆቹ። እኔ አናጢ ነኝ። በር፣ መስኮት፣ ቁም ሳጥን እሠራለሁ። ከእህቴ ልጅ ጋር ደግሞ እንደ እናንተ ያለች ግላይደር ሁለት ሠርተናል፤ የመጀመሪያዋ ተሰብራለች፣ ሁለተኛዋ አሁንም ትበራለች። ስለዚህ ከወረቀቱ ይልቅ ከእንጨቱ በኩል ልናገር።

ፕላኑን በሙሉ ለምን ያትሙታል? እስኪ በዚያ ትልቅ ወረቀት ላይ ያለውን በዓይንዎ ይለዩት። ክንፉ ከሥሩ እስከ ጫፉ ስፋቱ እኩል ከሆነ የፊት መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ የኋላውም ቀጥ ያለ ነው፣ ጎድኖቹ የሚቆሙባቸው መስመሮችም ቀጥ ያሉ ናቸው። ቀጥ ያለ መስመር ለማስመር ፕሪንተር አያስፈልግም። እኔ የ2 ሜትር በር ስሠራ ልኩን ከወረቀት ላይ አልገለብጥም፤ ሜትሬን ዘርግቼ ክር እወጥራለሁ። እርስዎም እንደዚያ ያድርጉ። አንድ ቀጥ ያለ ሰሌዳ ይፈልጉ፤ ችፑድ ቢሆን ይሻላል፣ ፒን ይይዛልና። ከዳር እስከ ዳር ክር ወጥረው በእርሳስ ያስምሩበት፤ እሱ የፊቱ መስመር ይሁን። ከዚያ ፕላኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እያነበቡ የጎድኖቹን ቦታ በሜትር ምልክት ያድርጉ። ሁሉንም የሚለኩት ከአንድ ጫፍ ተነሥተው ይሁን፤ ከጎድን ወደ ጎድን እየተሻገሩ አይለኩ። እየተሻገሩ ከለኩ በያንዳንዱ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢስቱ አሥረኛው ላይ አምስት ይሆናል። ቀጥ ያለውን ማዕዘን በስኳድራ ያረጋግጡ።

ታዲያ ምኑ ይታተም? የሚጎብጠው ብቻ። የጎድኑ ቅርጽ፣ የጅራቱ ክብ ጫፍ፣ የአፍንጫዋ መታጠፊያ፣ የአካሏ ጎን ላይ ያለው ኩርባ። እነዚህን ሰው በእጁ ልሣላቸው ቢል ይሳሳታል። ሁሉም ግን ትንንሽ ናቸው። 160 ሚሊ ሜትር ጎድን ኤ4 ላይ ተዘርግቶ ይተኛል፤ መገጣጠም የሚባል ነገር የለውም። ክንፉ እኩል ስፋት ካለው ደግሞ ጎድኖቹ ሁሉ አንድ ናቸውና አንዱን ብቻ ያትሙ። እሱን በስስ ኮምፔንሳቶ ወይም በቆርቆሮ ላይ ለጥፈው በጥንቃቄ ቆርጠው ሞዴል ያድርጉት፤ ሌሎቹን ልጆቹ በሞዴሉ ዙሪያ በምላጭ ይቆርጣሉ። እኔ ሁለተኛዋን ግላይደር በሰባት ወረቀት ነው የጨረስኳት።

ቅርጹን ከወረቀት ወደ እንጨት ለማሻገር መንገዱ ብዙ ነው። ካርቦን ወረቀት ከሥሩ አድርጎ በጠንካራ እርሳስ መከተል አለ። በመርፌ በየሦስት ሚሊ ሜትሩ እየወጉ ነጥቦቹን ማገናኘትም አለ፤ ለፎም የሚሻለው ይሄ ነው። የእርስዎ ፕሪንተር ሌዘር ከሆነ ግን ለኮምፔንሳቶ የሚበልጥ ዘዴ አለ። የሌዘር ቀለም በሙቀት የሚቀልጥ ዱቄት ነው። የታተመውን ፊት ወደ እንጨቱ ገልብጠው፣ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት በስኮች ይዘው፣ በጋለ ካውያ ቀስ ብለው ይጫኑት፤ መስመሩ እንጨቱ ላይ ይቀራል። ተገልብጦ ስለሚወጣ ግራ ቀኙ ለሚለይ ክፍል አስቀድመው ሥዕሉን እንደ መስታወት ምስል ገልብጠው ያትሙ። መብራት በሌለበት ቀን በከሰል ካውያ ሠርቼዋለሁ፤ አመዱ እንዳይበንን አፉን መክደን ነው። በፈሳሽ ቀለም በሚያትም ፕሪንተር ግን ይሄ አይሆንም፣ አይሞክሩት።

አሁን ወደ ቀኝ ክንፍ። ይሄን አደራ በደንብ ያስቡበት። እኔና የእህቴ ልጅ በመጀመሪያዋ ጊዜ አንዱን ፕላን ሁለት ጊዜ ተጠቅመንበት ሁለት የግራ ክንፍ ሠራን። የሳምንት ማታ ማታ ሥራ ነበር፤ ልጁ አለቀሰ። በሰሌዳው ላይ በክር ካሰመሩ ችግሩ ቀላል ነው፤ ከመካከለኛው መስመር ወዲያ ማዶ ያንኑ ልክ ገልብጠው ያሰምራሉ። የታተመ ወረቀት መገልበጥ ካለብዎት ግን ኑግ ዘይት ይጠቀሙ። ጥጥ ላይ ጠብ አድርገው የወረቀቱን ጀርባ በስሱ ይጥረጉት። ወረቀቱ ብርሃን ያሳልፋል፤ መስመሩ በጀርባው በኩል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያንን ጀርባ ወደ ላይ አድርገው ዘርግተው ቀኙን በላዩ ይሠሩበታል። ትርፉን ዘይት በደረቅ ጨርቅ መጥረግና አንድ ቀን ማሳደር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ዘይቱ ወደ እንጨቱ ይሻገርና ኮላው አይዝም። ዘይት ካልፈለጉ መስኮት መስታወት ላይ ለጥፎ በጀርባው በእርሳስ መከተልም ይቻላል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ፕላን አይደለም ግን ይጠቅማችኋል። ቀርከሃውን ስትሰነጥቁ በጋ የደረቀውን ምረጡ። እርጥቡ ሲደርቅ ይጠመዘዛል፤ የተጠመዘዘ ክንፍ ያላት ግላይደር ደግሞ እየዞረች ነው የምትወርደው።

የፊዚክስ መምህር (ፍኖተ ሰላም)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ አንብቤው ፕላኑን እንደገና ከፍቼ አየሁት። እውነትዎን ነው፤ ክንፉ ከሥሩ እስከ ጫፉ እኩል 160 ነው። በእያንዳንዱ ወገን ዘጠኝ ጎድን አለ፤ ዘጠኙም አንድ ዓይነት ናቸው። እኔ እሑድ ዕለት ዘጠኝ ጊዜ የተደገመውን አንድ ቅርጽና ባዶ ቦታ ነበር በ25 ወረቀት ሳትም የዋልኩት።

የባሕር ዳሩ ወንድሜም ያለው ትክክል ነበር፤ «ፊት» ተመርጦ አገኘሁት። ፖስተር የሚለውንም አሁን አይቼዋለሁ።

አንድ ያልተፈታ ነገር ግን አለ። የአካሏ ጎን 950 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአፍንጫ እስከ ክንፉ ኋላ ያለው ሁሉ ኩርባ ነው። እሱን በክር ማስመር አይቻልም። ሦስት አራት ወረቀት መገጣጠም ግድ ነው። ሲገጣጠም ስሕተቱ እንዳይጠራቀም ምን ላድርግ? በዚያ ላይ ልጆቹ ፕላኑን በሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማየት ይፈልጋሉ። እናጥናበት ካሉኝ መከልከል አልችልም።

ፎቶኮፒ ቤት አለኝ (ደብረ ማርቆስ)

መምህር፣ የመገጣጠሙን ነገር ለእኔ ይተዉት፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ወረቀት ነው የማገላብጠው።

ለምን 25 እንደወጣብዎት ልንገርዎት። ኤ0 ማለት በቁጥር 16 ኤ4 ነው። ግን ፕሪንተር የወረቀቱን ጠርዝ አያትምም፤ ገጣጥሞ ለመለጠፍም ትንሽ መደራረብ ያስፈልጋል። በየጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር ትተው፣ 10 ደራርበው፣ ወረቀቱን ቁመቱን አቁመው ካተሙ አምስት በአምስት ይሆናል፤ ያው 25። አሁን ወረቀቱን በአግድም ያዙሩት፤ ጠርዙን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ያውርዱት። አብዛኛው ሌዘር ፕሪንተር 5 ይችላል። ያኔ አንዱ ወረቀት 287 በ200 ያትማል። ሦስቱን በ10 ሚሊ ሜትር ደራርበው ጎን ለጎን ሲያደርጓቸው ልክ 841 ይሆናል፤ ሳይተርፍ ሳይጎድል። በሌላው በኩል 1189ን ለመሸፈን ሰባት ረድፍ ይፈልጋል፤ 21 ወረቀት ማለት ነው።

ከዚህም ይወርዳል። የፕላንዎ ዙሪያ ፍሬም እንዳለው ይዩ። ብዙውን ጊዜ ከፍሬሙ ውጪ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ነጭ ቦታ ይተዋል። እንደዚያ ከሆነ የሚያስፈልግዎት 801 በ1149 ብቻ ነው። ስድስት ረድፍ 1150 ይሸፍናል። ስለዚህ 18 ወረቀት። ነጩን ለመቁረጥ ኢንክስኬፕ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ተጠቅመው ፒዲኤፉን ይክፈቱና የገጹን መጠን በፍሬሙ ልክ ያሳጥሩት። ሥዕሉን ራሱን እንዳይነኩት፤ የሚያጥረው ገጹ ብቻ ነው።

ኤ3 የሚያወጣ ፎቶኮፒ ቤት አጠገብዎ ካለ ደግሞ ዘጠኝ ወረቀት ብቻ ነው፤ ሦስት በሦስት። መገጣጠሚያ ባነሰ ቁጥር ስሕተቱም ያንሳል። ፋይሉን በፍላሽ ይውሰዱ እንጂ የታተመ ወረቀት ወስደው ፎቶኮፒ አያስነሡ። ፎቶኮፒ ማሽን ትንሽ ያሳድጋል ወይም ያሳንሳል፤ ኮፒ የኮፒ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ደንበኛዬ ሲያመጣልኝ «ዋናው ፋይል የለህም?» ብዬ ነው የምጀምረው።

አሁን የ950ው አካል። ከሁሉ በፊት አንድ ወረቀት ብቻ ይፈትኑ። በኢንክስኬፕ አንድ መስቀል ይሣሉ፤ አንዱ እጁ 180 ሚሊ ሜትር፣ ሌላኛውም 180። በ100 ከመቶ ያትሙና ሁለቱንም በብረት ማስመሪያ ይለኩ። የፕላስቲክ ማስመሪያ አትመኑ፤ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ አይቻለሁ። ፕሪንተር በስፋቱ በኩል ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ በሚስብበት አቅጣጫ ግን ሮለሩ ሲያረጅ ትንሽ ይንሸራተታል፤ ወረቀቱም በሙቀቱ እርጥበቱን አጥቶ ይኮማተራል። ለምሳሌ አንዱ 180፣ ሌላው 179 ከመጣ ልዩነቱ በሺህ አምስት ተኩል ነው። በጎድኑ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። በ950ው ላይ ግን አምስት ይሆናል። ሁለቱም እኩል ካነሱ መቶኛውን ከፍ አድርጎ ማስተካከል ይቻላል፤ አንዱ ብቻ ካነሰ ግን መቶኛ መቀየር ትክክል የነበረውን ያበላሻል። ያኔ የአካሏን ርዝመት ትክክል በሚያትመው አቅጣጫ ያስተኙት።

ወረቀቱን ደግሞ ከአንድ እሽግ ይጠቀሙ፤ አዲስና ደረቅ ይሁን። ክረምት ላይ እኔ ሱቅ ውስጥ ክፍት ያደረ ወረቀት ሌላ ወረቀት ነው የሚሆነው፤ ያብጣል፣ ይታጠፋል፣ ማሽን ውስጥ ይቀረቀራል። ሁሉንም ገጽ በአንድ ጊዜ ያትሙ እንጂ ግማሹን ዛሬ ግማሹን ከሳምንት በኋላ አያድርጉት።

ሲገጣጠም የወረቀት ጠርዝን ከጠርዝ አያጋጥሙ። ወረቀቱ ፕሪንተር ውስጥ ሲገባ ትንሽ ሊያዘነብል ይችላል፤ ጠርዙ ውሸት ይናገራል። የሚገጥመው መስመር ከመስመር ነው። መደራረቢያውን መስኮት ላይ አድርገው ከኋላ ብርሃን ሲያገኝ ሁለቱ መስመሮች ሲጋጠሙ ይታያሉ፤ ያኔ ስኮች። የእንጨት ኮላም ሆነ ማንኛውንም ውሃ ያለበት ማጣበቂያ ወረቀት ላይ አያድርጉ፤ ወረቀቱን ያሳብጠዋል። ከአንድ ጥግ አይጀምሩ፤ ከመሃል ተነሥተው ወደ ዳር ይሂዱ።

ስለ 950ው ግን ጋሼ ያሉትን ከእኔ በላይ ይስሟቸው። የአካሏን መሃል መስመር ሰሌዳው ላይ በክር ያስምሩ፤ 950ውን በሜትር ይለኩና አፍንጫና ጅራት ላይ ምልክት ያድርጉ። ፕላኑ ላይ መሃል መስመሩን የሚያቋርጡ ሌሎች ልኮች ካሉ እነሱንም። ከዚያ አራቱን ወረቀት እያንዳንዱን ለብቻው ምልክቱ ላይ ያስተኙት። ወረቀት ከወረቀት ጋር ባይገጥም ግድ የለም፤ ከሰሌዳው ጋር ይግጠም። ያኔ የአንዱ ስሕተት ወደ ቀጣዩ አይሻገርም።

ግድግዳ ላይ ለሚሰቀለው ልኩ ምንም አያስጨንቅም። እሱን ግማሽ አድርገው በ50 ከመቶ ያትሙት፤ ኤ2 ይሆናል፤ ስድስት ወረቀት ይበቃል። ልጆቹ ቁጥሮቹን ያነቡበታል። ትልቅ አድርገው ግን «ከዚህ ላይ አይለካም» ብለው ይጻፉበት።

ሙሉውን ከገጣጠሙም ሲጨርሱ ሁለቱን ሰያፎች (ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ) ይለኩ። በ801 በ1149 ፍሬም ሁለቱም ወደ 1401 ሚሊ ሜትር መምጣት አለባቸው። አንዱ 1401 ሌላው 1395 ከሆነ ፕላኑ ተንጋድዷል፤ እንደገና ነው።

ሲቪል ድራፍት (ባሕር ዳር)

እህቴ ስለ ሰያፉ ያለችውን እኔም እደግፋለሁ፤ የሕንፃ መሠረት ስንወጥርም የምናደርገው ይህንኑ ነው። መምህር፣ የመጀመሪያ ምክሬን ልቀይር። በሰባት ስምንት ወረቀት የሚያልቅ ከሆነ ለፕሎተር ብለው ባሕር ዳር ድረስ አይምጡ። የመኪናው ዋጋ ብቻ ሁለት ቶነር ያስሞላል።

የፊዚክስ መምህር (ፍኖተ ሰላም)

የደረስንበትን ላሳውቃችሁ።

ሐሙስ ዕለት መስቀሉን አተምን። በስፋቱ 180፣ በሚስብበት በኩል 179 ተኩል። ልጆቹ ተራ በተራ ለኩት፤ አንዱ 179 አለ፣ ሌላው 180 አለ። ማስመሪያውን ቀና ብሎ ማየትና ጎንበስ ብሎ ከላይ በቀጥታ ማየት ልዩነት እንዳለው ያን ጊዜ አሳየኋቸው። ክፍል ውስጥ ስለ ልኬት ስሕተት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን ገብቷቸው አያውቅም።

ቅዳሜ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ አሮጌ ጠረጴዛ አንድ ችፑድ አገኘን። ክሩን ሁለት ልጆች ወጠሩ። 800ውን በሜትር ከአንድ ጫፍ ለካን፤ የዘጠኙን ጎድን ቦታ ሁሉ ከዚያው ጫፍ። አንድ ጎድን አተምን፤ በቆርቆሮ ሞዴል ተቆረጠ፤ 160 መሆን የነበረበት 160 መጣ። የአካሏን አራት ወረቀት እህቴ እንዳለችው እያንዳንዱን ለብቻው መሃል መስመሩ ላይ አስተኛናቸው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ወረቀት መካከል አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል ክፍተት አለች፤ ኩርባውን በእጅ አገናኘናት። ጅራቱ አንድ ወረቀት ወሰደ፣ የአፍንጫው ዝርዝር አንድ። በጠቅላላው ከመስቀሉ ጋር ስምንት ወረቀት። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ግማሽ ፕላን ስድስት ወሰደብን፤ ከላዩ ላይ ልጆቹ «ከዚህ ላይ አይለካም» ብለው በቀይ ጽፈውበታል።

የካውያውን ነገር በኮምፔንሳቶው አፍንጫ ላይ ሞከርነው። የመጀመሪያው ደበዘዘ፤ ካውያው አልጋለም ነበር። ሁለተኛው ቁልጭ ብሎ ወጣ። ያቺ «እኛስ» ያለችው ልጅ ወረቀቱን ስትልጥ መስመሩን ባየች ጊዜ ድምፅ አውጥታ ጮኸች፤ ከጎረቤት ክፍል መምህር መጥቶ ምን ሆናችሁ አለን።

የግራው ክንፍ አሁን ሰሌዳው ላይ በፒን ተይዞ እየደረቀ ነው። ጋሼ፣ ቀኙን በክርም ማስመር እንችል ነበር፤ ግን የጅራቱ ክብ ጫፍ መገልበጥ አለበትና ልጆቹ የኑግ ዘይቱን ማየት ፈልገዋል። ዘይቱን እሷ ከቤቷ ታመጣለች፤ ጥጡን እኔ። ቅዳሜ እንሠራዋለን።

አናጢ ነኝ (ዳንግላ)

በስሱ፣ መምህር። በስሱ ይጥረጉት። ከዚያ አንድ ቀን ይደር።